ዙፋን ሲናወጥ የሚታወሱ ደሴቶች

ሲሸልስና ሳኦ ቶሜ ፕሪንሲፔ ባንዲራ፣ ፕሬዚዳንት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽም ወንበር ያላቸው የደሴት አገሮች ናቸው። የሁለቱ የብስ ቢደመር ግን የጣናን ሐይቅ ግማሽ አይሞላም። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በውስጡ ከሠላሳ የሚበልጡ ደሴቶች አሉ። የፖርቱጋል መርከበኞች በ1460ዎቹ ሳኦ ቶሜ ሲደርሱ ሰው አልነበረባትም። በዚያው ዘመን ጣና ላይ ብራና ይፋቅ፣ ወንጌል ይጻፍ፣ በሥዕልም ያሸበርቅ ነበር።

የእነዚህ ደሴቶች ታሪክ ግን በቁርጥራጭ ነው የሚታወቀው። አንዱ የዐፄ ፋሲለደስን አስከሬን በመስታወት ሣጥን አይቶ ይመለሳል። ሌላው ስለ ጽላተ ሙሴ ሰምቷል። የቀረው ከቴሌቪዥን ዜና እምቦጭ የተባለውን የሐይቅ አረም ያውቃል። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዛቸው አንድ ነገር ነው፤ የብስ ላይ ያለው መንግሥት በተናወጠ ቁጥር ሰው ወደ ሐይቁ ያያል። ታቦቱም፣ መጽሐፉም፣ ወርቁም፣ የሸሸው መነኩሴም፣ ዙፋኑን የለቀቀው ንጉሥም በታንኳ ተሻግረዋል።

እስከ 1400 ዓ.ም.፦ ታቦት፣ ደንገልና ሰባቱ ከዋክብት

ጣና ቂርቆስ ለምሥራቁ ዳርቻ እጅግ ቅርብ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ደሴትነቱ ያጠራጥራል። የገዳሙ ትውፊት ጽላተ ሙሴ አክሱም ከመግባቱ በፊት ብዙ መቶ ዓመት እዚህ እንደተቀመጠ ይናገራል። መነኮሳቱም የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ነበር የሚሏቸውን ጥንታውያን የድንጋይ ዓምዶች ለእንግዳ ያሳያሉ። ይህን በሰነድ ማረጋገጥ አይቻልም። ቢሆንም የአካባቢው ሰው ጣናን ከሁሉ አስቀድሞ የውድ ነገር ማስቀመጫ አድርጎ እንደሚያየው ከትውፊቱ መረዳት አያዳግትም።

ነገሩ ጠራ እያለ የሚመጣው ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ከነገሠ ወዲህ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ የንጉሡ ዘመድ ነበሩ ይባላል። በቀጣዩ መቶ ዓመት ዐምደ ጽዮን ጦሩን ወደ ጎጃምና ወደ ሐይቁ ዙሪያ ሲያዘልቅ መነኮሳትም ተከተሉ። የጣና ሰው «ሰባቱ ከዋክብት» ብሎ የሚጠራቸው ገዳም መሥራቾች የዚህ ዘመን ሰዎች ናቸው። አቡነ በትረ ማርያም ዘጌን፣ አባ ዮሐንስ ክብራንን፣ አባ ዘካርያስ ገሊላን ያዙ። ዳርቻው ገና ክርስትናን ስላልተቀበለ፣ ገዳሞቹ የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆኑ ወደ የብሱ የሚሻገሩ ሰባክያን መነሻም ነበሩ። ክብራን ገብርኤል ውስጥ እስከ ዛሬ የሚታየው ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ ነው።

መነኮሳቱ ሲመጡ ግን ሐይቁ ባለቤት ነበረው። ወይጦዎች ጉማሬ እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ጉማሬ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው አንድ ማዕድ አይቀርቧቸውም፤ ያለ እነሱ ታንኳ ግን ጳጳስም ሆነ ንጉሥ ደሴት አይደርስም። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲደረስ አማርኛ ብቻ ቀረ። ስለ ጣና በተጻፈው ብዙ መጽሐፍ ውስጥ የእነሱ ድርሻ በጣም አነስተኛ ነው፤ ብራናውን የጻፉት ሌሎች ናቸውና።

1521–1624 ዓ.ም.፦ ጦርነትና ሃይማኖት

በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በግራኝ አህመድ ሲሸነፍ የደጋው ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት መከታ አጡ። ውኃም ቢሆን ሁልጊዜ አላስጣለም። የግራኝ ወታደሮች ወሎ ውስጥ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲደርሱ ታንኳ አሠሩ፤ መነኮሳቱም ንብረቱን አስረከቡ። ጣና ከዚያ እጅግ ይሰፋል፤ ደሴቶቹም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በተቃጠሉት የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ያልተረፈ ብራና ደሴቶቹ ላይ ተረፈ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት ከአራት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ የደሴቶቹን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሊያነሳ የመጣውም ለዚሁ ነበር። ጦርነቱ ያበቃው እዚያው አካባቢ ነው፤ የካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ዐፄ ገላውዴዎስ ድል አድርጎ ግራኝ ሞተ።

ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ እግር ወደ ሰሜን ምዕራብ አዘነበለ። ሠርጸ ድንግል ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ጉዛራ ግንብ ሠራ፤ ሲሞትም ሬማ ደሴት ተቀበረ። ሱስንዮስ ደግሞ በስተሰሜን ጎርጎራን ወደደ። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህኑ ፔድሮ ፓኤዝ ንጉሡን በጉዞ ተከትሎ በ1610 ዓ.ም. የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ጎርጎራ ላይም ከድንጋይና ከኖራ ሕንጻ አቆመ።

ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን ሲያውጅና ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሲመጣ፣ ደሴቶቹ የእምቢተኞች ሰፈር ሆኑ። ከእምቢተኞቹ ሁሉ ስሟ የገነነው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪ ነበር፤ እሷ ግን ቤቱን ጥላ መነኮሰች። በሸንጎ ቀረበች፣ ሦስት ዓመት በግዞት ተቀመጠች፣ ከግዞት ስትመለስም ተከታዮቿን ሰብስባ በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ማኅበር መሠረተች። ሰባት ማኅበራት ተቆጥረውላታል፤ ወንድም ሴትም መነኮሳት ነበሩባቸው። በ1635 ዓ.ም. አርፋ ሬማ ተቀበረች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተጻፈው ገድሏ ከሃይማኖቱ ክርክር ባሻገር ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ ማኅበሩ እንዴት ከቦታ ቦታ እንደተሰደደ ይነግራል። ስለ ጣና ተራ ሕይወት የቀረ ምስክር ካለ ይኸው ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በዚህ በኩል ዝም ይላል።

ሰኔ 1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ ለልጁ ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀቀ፤ ሃይማኖቱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

1628–1763 ዓ.ም.፦ የጎንደር ጓሮ

ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁር ጣና ከጠረፍ ወደ ጓሮ ተለወጠ። ከተማዋ በዓሣ፣ በቡናና በእህል ከሐይቁ ዙሪያ ጋር ተሳሰረች፤ ነገሥታቱም ለገዳሞቹ መሬት ይሰጡ ጀመር። ዳጋ እስጢፋኖስ የአስከሬን ማኖሪያ የሆነውም ከነገሥታት ጋር ባለው ቅርበት ነው። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ራሱ ፋሲለደስ እዚያ ናቸው። ዳጋ ቀጥ ያለ ተራራ ነው፤ ሴት አይገባበትም። ክብራን ላይም እንዲሁ ነው፤ ለመነኮሳይያት አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለ።

ከጎንደር የሸሸ ሁሉ ግን አልተረፈም። ታላቁ ኢያሱ የሚወዳት ሴት ስትሞትበት ዓለም አስጠላውና ወደ አንድ የጣና ደሴት ወረደ። ልጁ ተክለ ሃይማኖት ጎንደር ላይ ነገሠ። ጥቅምት 1699 ዓ.ም. ገዳዮች በታንኳ ደርሰው ኢያሱን ደሴቱ ላይ ገደሉት፤ ምፅራሃ ደሴት ተቀበረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውኃው የሸሸን ይሰውራል ተብሎ ይታመን ነበር። በንጉሥ ላይ እንዲህ መደፈሩ ለጎንደር ከዚያ በኋላ ለመጣባት የግድያ ሰንሰለት መንገድ ከፈተ ማለት ይቻላል፤ ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተገድሏል።

እቴጌ ምንትዋብ ከ1723 ዓ.ም. ጀምራ ለልጇ ለሁለተኛው ኢያሱ ስትገዛ ደሴቶቹን በሌላ ዓይን አየቻቸው። ትልቁ ደሴት ደቅ አሥራ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገበሬ አርሶ የሚያድርበት፣ መንደሮች ያሉበት እውነተኛ አገር። በምዕራቡ ጫፍ ናርጋ ሥላሴን በድንጋይና በኖራ አሠራች፤ በግድግዳው ላይም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሣለች። ለናርጋ ያወጣችው ሀብት ደቅን ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር በቀጥታ አገናኘው።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ደሴቶቹ የጻፈው ብዙ ምዕራፍ ያስንቃል። የአገሩ ሰው አርባ አምስት ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች አሉ ይላል፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ያህል ይመስሉኛል አለ። ደቅን፣ ገሊላንና ሌሎቹን ሲዘረዝርም፣ ለታላላቅ ሰዎች እስር ቤት፣ ሐዘን ለጎዳው መሸሸጊያ፣ ሁከት ሲነሳ የንብረት መደበቂያ እንደነበሩ መዘገበ። ናርጋ በር ላይ የተቀረጸውን ምስል አስጎብኚዎች «ብሩስ ነው» ይላሉ፤ ለቱሪስት ደስ የሚል ወሬ ነው።

1858–1860 ዓ.ም.፦ ቴዎድሮስ በታንኳ

በመሳፍንቱ ዘመን ደሴቶቹ የነጋዴና የባላባት ካዝና ሆነው ሰነበቱ። ምፅራሃ በተለይ ሀብታም ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ለመቅደስም ለመሸሸጊያም ትዕግሥት አልነበራቸውም። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ቁራጣ ሰፍሮ ንጉሡ ማዶ ዘጌ ነበሩ፤ ንጉሡ ስላሰሯቸው አውሮፓውያን የሚደረገው ድርድር በሐይቁ ላይ በታንኳ ይመላለስ ነበር።

በኋላ ከራሳም ጋር የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሁለት ነገር መዝግቧል። አንደኛው፣ ቴዎድሮስ በደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው እንደ አውሮፓ መርከብ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ሊያስገጥሙላቸው መሞከራቸው ነው፤ መድፍ ለማሠራት ጋፋት ላይ የታየው ጉጉት ውኃ ላይም ታየ። ሁለተኛው ጨለማ ነው። የምፅራሃ ሰዎች በውኃው ተማምነው ሳይገብሩ ቢቀሩ ንጉሡ በተንኮል ደሴቲቱን ያዙ፤ ነዋሪዎቹን ቤት ዘግተው አቃጠሉ። መሸሸጊያው ለሁለተኛ ጊዜ ተደፈረ፤ በዚህኛው ጊዜ ሟቹ ንጉሥ ሳይሆን ተራው ሕዝብ ነበር።

1894–1927 ዓ.ም.፦ ለውኃው ዋጋ ሲወጣ

እስከዚህ ድረስ ከጣና ሰው የሚፈልገው ደሴቶቹን ነበር። ከዚህ በኋላ ውኃውን ፈለገ፤ የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያም ይህ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስለ ሱዳን ወሰን ውል ተፈረመ።  ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ውል፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ላለመሥራትና ላለማስሠራት ቃል ገቡ። ወዲያው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ሐይቁን ሊለኩ መጡ። ግብፅና ሱዳን ጥጥ ይፈልጋሉ፤ ጥጥ ደግሞ በበጋ ውኃ ይፈልጋል፤ ጣና ደግሞ በተፈጥሮ የተሠራ ግድብ ይመስላል። ደሴቶቹ ከፍታው በጥቂት ሜትር ቢጨምር ምን እንደሚውጣቸው የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መንገድ ተደራደሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ፤ ሁለቱ ኃያላን ማስተባበያ እስኪሰጡ ድረስ አሳፈሯቸው። ይህ ብቻ አልበቃቸውም፤ በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ ኒው ዮርክ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ አነጋገሩ። እንግሊዝ ትከለክላለች እንጂ አትሠራምና፣ ከእንግሊዝ ውጭ የሚሠራ መሐንዲስ ማግኘት ብልህ የዲፕሎማሲ እርምጃ ነበር። ኩባንያው ጥናቱን አካሄደ። ግድቡ ግን ከወረቀት አልወጣም፤ ጣሊያን ቀደመች።

ዲፕሎማቶቹ ሜትር ኪዩብ ሲቆጥሩ የሐይቁ ዙሪያ ሰው በቡና ይኖር ነበር። ዘጌ በእርግጥ ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ግን የደሴት ሕግ አለው። በአቡነ በትረ ማርያም ትእዛዝ አይታረስበትም፣ ከብት አይረባበትም። ስለዚህ ጫካው ቀረ፤ ጫካው ሥር ቡና በቀለ። ይህ ታሪክ ዛሬ እንደ ጥንት የደን ጥበቃ ይወደሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር አብዱሳመድ አህመድ ደግሞ ሌላውን ገጽ አሳይተዋል፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የዘጌን ቡና የሚለቅሙት በአብዛኛው ባሪያዎች ነበሩ፤ ጌቶቻቸውም የገዳሙ ካህናትና ባለ ርስቶች። ቅዱሱ ጫካና ባርነቱ አንድ ቦታ የበቀሉ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መንገር ግማሽ ታሪክ ነው።

በዚሁ ዘመን ዳንግላ ይኖር የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ጎበኘ፣ ካርታ አነሳ። መጽሐፉ የታተመው ጣሊያን አገሩን በያዘችበት ዓመት ነው።

1928–1983 ዓ.ም.፦ ሞተር፣ መረብና አዋጅ

ጣሊያኖች በአምስት ዓመት ቆይታቸው በጎርጎራና በባሕር ዳር የሞተር ጀልባ አስገቡ፤ የምሁራን ቡድን ልከውም ሐይቁን አስጠኑ። ከነጻነት በኋላ ጀልባዎቹ ቀጠሉ። ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚያደርሰው ሳምንታዊው መርከብ ለደሴቱ ሰው ብቸኛው የገበያ መንገድ ሆነ። ደቅ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬና ፍራፍሬ ይልካል፤ ጨው፣ ጋዝና ሳሙና ይመለስለታል። በ1950ዎቹ ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ፖሊ ቴክኒክ ሲተከልባት የሐይቁ ዋና ከተማ ከጎንደር ወገን ወደ ደቡብ ተዛወረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ገዳማቱ ከጎንደር ነገሥታት ጀምሮ የያዙት መሬት በአንድ ቀን ከእጃቸው ወጣ። ለደቅ ገበሬ የነጻነት ቀን ነበር፤ ለመነኮሳቱ ደግሞ የሚቀለብ ማኅበር ያለ ቀላቢ የቀረበት ቀን። ብዙዎቹ ገዳማት ወደ ቱሪስት የመግቢያ ክፍያ የዞሩት ያኔ ያጡትን ለመተካት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዓሣው ላይ ለውጥ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ነው። በሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አጥማጆች ቀረበ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ሐይቁ ሳይነካ የተቀመጠ ሀብት አለው፣ ደሴቱ ደግሞ ድሃ ነው። በታንኳ ዳር ዳሩን ይሠራ የነበረው አጥማጅ አሁን መሀል ሐይቅ ገባ፣ ምርቱም አዲስ አበባ ድረስ ተላከ። ጣና ግን ከሌሎች ሐይቆች የሚለይበት ነገር አለው። ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይዟል። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ይጎርፋሉ፤ አጥማጁም መረቡን እዚያው ይዘረጋል። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ አሽቆለቆለ።

ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ፦ ሐይቁ ሲጎድል

የምኒልክ ውል የከለከለውን ግድብ በመጨረሻ የሠራችው ራሷ ኢትዮጵያ ናት። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በር ያለው መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በኋላ በሮቹ ተጨመሩ፣ ውኃውም ጢስ ዓባይ ላይ ሁለተኛውን የኃይል ማመንጫ አንቀሳቀሰ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አጠረ፣ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ግን ቀጠለ። ሐይቁ በታሪኩ ከታየው ሁሉ ዝቅ አለ፤ መርከቦቹ ለወራት ቆሙ። ደቅ ገበያውን አጣ። ውኃው ከዳርቻው የለቀቀውን መሬት ገበሬ አረሰው፣ ደንገሉም አብሮ ሳሳ፤ ደንገል ደግሞ ለወይጦ ታንኳ፣ ለዓሣ መራቢያ ነው።

ግንቦት 2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። ሐይቁ በአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ እየፈሰሰ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በዚህ ስሌት ጣና የኃይል ማጠራቀሚያ ነው፤ ደሴቶቹ በመሀል ያሉ ናቸው።

እምቦጭ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ገባር ወንዞች ደለልና ማዳበሪያ ተሸክመው በሚገቡበት ዳርቻ ታየ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተስፋፋ። ገበሬ፣ ተማሪና ወጣት ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ገንዘብ ተዋጣ፤ ማሽኖች መጡ፤ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ዘመቻ ተደረገ። አረሙ ግን በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይመለሳል፤ ምክንያቱም መነሻው ሐይቁ ሳይሆን ከደጋው የሚታጠበው አፈር ነውና። በመሀሉ ሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዘገበ፤ ምዝገባው አረሙን አላቆመም፣ ገዳማቱንና ዓሣ አጥማጁን ግን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀመጠ።

ዳጋ ያለውን የነገሥታት አስከሬን፣ ክብራን ያለውን ወንጌል ለማየት ይመጣ የነበረው ቱሪስት በኮሮና ወረርሽኝ ተቋረጠ። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. የተነሱት ጦርነቶች ደግሞ ይመለሳል የተባለውን አራቁ። የጀልባ ባለቤቶች፣ አስጎብኚዎች፣ ቅርጻ ቅርጽ የሚሸጡ የዘጌ ልጆችና በመግቢያ ክፍያ የሚተዳደሩት መነኮሳት በአንድነት ገቢ አጡ። የደቅ ገበሬ ቱሪስት ላይ ብዙም አልተደገፈም፤ የእሱ ጭንቀት ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረው ጀልባ ነዳጅ ማግኘቱ፣ ማንጎውም ሳይበሰብስ ገበያ መድረሱ ነው።